ፓርቲክልን በኖድ መስራት፦ ከአደይ አበባ እስከ ደመራ ፍንጣሪ

መስከረም ሊጠባ ሲል ቲቪ የከፈተ ሰው ሁሉ ያየዋል፣ የባንኩም የዘይቱም የሪል እስቴቱም ማስታወቂያ ላይ አደይ አበባ ከላይ እየተንሳፈፈ ይወርዳል። እነዛን አበቦች አንድ በአንድ ቁጭ ብሎ ያንቀሳቀሰ ሰው የለም፣ ፓርቲክል ሲስተም ነው የሰራቸው። ፓርቲክል ማለት ቦታ፣ ፍጥነትና ዕድሜ ያላት ነጥብ ናት፣ ከሆነ ቦታ ትወለዳለች፣ በየፍሬሙ (ቪዲዮው በተሰራበት በእያንዳንዱ ምስል) ትንቀሳቀሳለች፣ ዕድሜዋ ሲያልቅ ትጠፋለች፣ በቃ። ነጥቧ ላይ አበባ ካስቀመጥክ አበባ ነች፣ የሚያበራ ነገር ካስቀመጥክ የእሳት ፍንጣሪ ነች።

ነገሩ የቆየ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በ1982 የወጣው ሁለተኛው የስታር ትሬክ ፊልም ላይ ፕላኔቷን የሚያለብሳት እሳት በዚህ መንገድ ነው የተሰራው፣ የሉካስፊልሙ ዊልያም ሪቭስ ደግሞ በ1983 ዘዴውን በጥናት ጽሁፍ አወጣው። ያኔ ሁሉም በኮድ ነበር። ቀጥሎ ቁጥር የምትሞላበት ፓናል መጣ፣ ስንት ይወለድ፣ ስንት ፍሬም ይኑር፣ ንፋሱ ስንት ይሁን። ፓናል ቀላል ነው ግን ሰሪዎቹ ያላሰቡትን ነገር ከፈለግክ መሄጃ የለህም። ኖድ የመጣው ለዚህ ነው፣ እያንዳንዱ ስራ አንድ ሳጥን ይሆናል፣ ሳጥኖቹን በመስመር እያገናኘህ ቅደም ተከተሉን ራስህ ትሰራለህ። የካናዳው ሁዲኒ፣ የስሪዲ (3D) ኢፌክት መስሪያው፣ በ1996 ሲወጣ ጀምሮ መላ ሶፍትዌሩ እንደዛ ነው። ሌላው የስሪዲ ሶፍትዌር ሶፍትኢሜጅ በ2008 አይስ የሚባል በጣም የተወደደ የኖድ ሲስተም አወጣ፣ በዛው ዓመት አውቶዴስክ የሚባለው ኩባንያ ሶፍትኢሜጅን ገዛው፣ በ2014 የመጨረሻው ቨርዥን ወጣና ተዘጋ፣ እስካሁን የሚያዝኑለት አሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከብሔራዊ ቴአትር እስከ ካዛንቺስ ባሉት ፎቆች ላይ ማስታወቂያ ከሚሰሩት ልጆች ብዙዎቹ ከአርክቴክቸር የመጡ ስለሆኑ ስሪዲ ማክስ የሚባለውን ሶፍትዌር ነው የለመዱት፣ እዛ ውስጥ ያለው የፓርቲክል መስሪያ፣ ፓርቲክል ፍሎው፣ ትንሽ ለየት ይላል። ሳጥኑ ኢቨንት ይባላል፣ ውስጡ ፓርቲክሏ ምን እንደምታደርግ የሚናገሩ መስመሮች ተደርድረዋል፣ ቴስት የሚባሉት ደግሞ ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ ዕድሜሽ ደረሰ ወይ? መሬት ነካሽ ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ወደ ሌላኛው ሳጥን ትሄዳለች፣ ልክ ከፒያሳ ተሳፍሮ ሜክሲኮ ላይ ታክሲ እንደሚቀይር ሰው። ዝናብ መሬት ሲነካ ወደ ጠብታ ፍንጥቅጣቂ እንዲቀየር ለማድረግ ከዚህ የሚቀል አላየሁም።

ብሌንደር የሚባለው የስሪዲ ሶፍትዌር ግን በነጻ ስለሆነና የዶላር ካርድ ስለማይጠይቅ አዲሶቹ ልጆች በሙሉ እሱ ላይ ናቸው። የሱ የኖድ ሲስተም፣ ጂኦሜትሪ ኖድ፣ በ2021 መጀመሪያ ቨርዥን 2.92 ላይ ገባ፣ ግን ያኔ ያለፈውን ፍሬም ማስታወስ አይችልም ነበር፣ ማስታወስ ከሌለ ደግሞ እውነተኛ ፓርቲክል የለም። ይሄን ማስታወስ የሚሰጠው ሲሙሌሽን ዞን የመጣው በ2023፣ 3.6 ላይ ነው። ዞኑ መግቢያና መውጫ አለው፣ በመካከል ያለው ሁሉ ካለፈው ፍሬም የተረፈውን ተቀብሎ ይሰራና ለቀጣዩ ያስረክባል።

የመስቀል አደባባይ ደመራ ፍንጣሪ ይሰራ እንበል። የእንጨቱን ሞዴል ላዩ ላይ ነጥብ የሚበትን ኖድ ውስጥ ታስገባለህ፣ ሲዱን (ነጥቦቹ የት እንደሚበተኑ የሚወስነውን የዕጣ ቁጥር) ከፍሬም ቁጥሩ ጋር ታያይዘዋለህ፣ ካላያያዝከው በየፍሬሙ ከዛው ከዛው ቦታ እየተወለዱ ፍንጣሪው ክር ይሆናል። ለእያንዳንዷ አዲስ ነጥብ ወደ ላይ የሚገፋ ፍጥነትና ከዜሮ የሚጀምር ዕድሜ ትመዘግባለህ፣ አዲሶቹን ከድሮዎቹ ጋር ትቀላቅላለህ፣ ከዛ የሁሉንም ቦታ በፍጥነታቸው ልክ ትገፋለህ፣ ዕድሜያቸውንም በየፍሬሙ ትጨምራለህ። ፍጥነቱን በዴልታ ታይም (አንድ ፍሬም በሚፈጀው ጊዜ) ማባዛት አትርሳ፣ ብሌንደር ሲከፈት በሰከንድ 24 ፍሬም ነው፣ ለኛ ቲቪ ግን 25 ነው የሚሰራው፣ ያኔ አንድ ፍሬም 0.04 ሰከንድ ማለት ነው፣ ካላባዛህ ፍሬሙን ስትቀይር እሳቱም አብሮ ይፈጥናል። እንዲንቀጠቀጥ ኖይዝ (የተዘበራረቀ ቁጥር የሚሰጥ ኖድ) ትጨምራለህ፣ እዚህ ጋ ሁሉም ሰው ይሸወዳል፣ የኖይዙ ውጤት ከ0 እስከ 1 ስለሆነ 0.5 ካልቀነስክለት መግፋት የሚያውቀው ወደ አንድ ጎን ብቻ ነው፣ ደመራው በሙሉ ወደ ስታዲየም ሲነፍስ ታያለህ። ዕድሜዋ ሁለት ሰከንድ ያለፈችውን የሚሰርዝ ኖድ መጨረሻ ላይ ታስገባለህ፣ ቀለሙንም ከቢጫ ወደ ቀይ ከዛ ወደ አመድ በዕድሜዋ ታዘዋለህ። ፍንጣሪውን ራሱን ነጥቦቹ ላይ የምታስቀምጠው ከዞኑ ውጪ ነው፣ አለበለዚያ ሲሙሌሽኑ አላስፈላጊ ክብደት ይሸከማል።

የግራፉ (በመስመር የተያያዙት ኖዶች) ትልቁ ጥቅም የሚታየው ግን ክላየንቱ ሲደውል ነው። "ፍንጣሪው ትንሽ ይብዛ፣ ደግሞ ቀስ ይበል" ሲል ሁለት ቁጥር ነው የምትነካው፣ እንደውም እነዛን ቁጥሮች ወደ ውጪ አውጥተህ ሞዲፋየሩ (ግራፉ ሞዴሉ ላይ የሚገጠምበት ፓናል) ላይ ካስቀመጥካቸው ኖድ የማያውቀው ኤዲተርም ራሱ ይቀይራቸዋል። ታዲያ ግራፉ ሲያድግ ኖዶቹን ፍሬም በሚባለው ማቀፊያ ሳጥን (ከቪዲዮው ፍሬም ጋር አይገናኝም) ውስጥ ሰብስበህ ስም ካልሰጠሃቸው ከወር በኋላ አንተም አታነበውም። ሲሙሌሽኑን ደግሞ ቤክ አድርገህ (ውጤቱን አስልተህ) ዲስክ ላይ አስቀምጥ፣ ማጫወት ብቻ ከሆነ ሚሞሪ ላይ ነው ያለው፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

እውነቱን ለመናገር የሚወርድ አበባ ብቻ ከሆነ የብሌንደር የድሮው ፓርቲክል ፓናል ይበቃል፣ ኖድ ፋሽን ስለሆነ ብቻ ግማሽ ቀን ማቃጠል አያስፈልግም። ጌም ለሚሰሩ አንሪል በሚባለው የጌም መስሪያ ውስጥ ናያጋራ የሚባል የፓርቲክል ሲስተም አለ፣ እሱ ላይ ላዩን ከላይ ወደ ታች የተደረደሩ ሞጁሎች ነው፣ አንዱን ሞጁል ስትከፍተው ውስጡ የኖድ ግራፍ ታገኛለህ። ሁዲኒን መሞከር ለሚፈልግ አፕረንቲስ የሚባለው ነጻ ቨርዥን አለ፣ ለንግድ ስራ ግን አይፈቀድም፣ ሬንደሩም (የሚወጣው ምስል) ላይ ዋተርማርክ (የሶፍትዌሩን ምልክት) ስለሚለጥፍ ለክላየንት ማስረከቢያ አይሆንም።