በወሎ የከብት ፍግ አያያዝና ወደ አየር የሚለቀቁ በካዮች

የፍግ አያያዝ እበትና ሽንት ከእንስሳው ከወጡበት ጊዜ አንስቶ ማሳ ላይ እስኪበተኑ ወይም ምድጃ ውስጥ እስኪነዱ ድረስ ያለውን ሂደት ሁሉ ያጠቃልላል። በዚህ ሂደት ወደ አየር ከሚለቀቁት መካከል ዋናዎቹ አሞኒያ፣ ምድርን የሚያሞቁት ሚቴንና ናይትረስ ኦክሳይድ እንዲሁም ደቃቅ ብናኝ ናቸው። ከብት በገፍ ተዘግቶ በሚረባባቸው አገሮች ብክለቱ በአብዛኛው የሚመነጨው ከበረቶች፣ ከፈሳሽ ፍግ ማጠራቀሚያዎችና ፍጉ ከሚረጭባቸው ማሳዎች ነው። በወሎ ደጋ ግን እበቱ ኩበት ሆኖ ስለሚነድ ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው ምድጃ ዳር ነው።

አሞኒያ የሚፈጠረው በሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ እበት ውስጥ ከሚገኘው ዩሪየዝ ከተባለ ኢንዛይም ጋር ሲገናኝ ነው። ሙቀትና ነፋስ ትነቱን ስለሚያፋጥኑት፣ በቆቦና በባቲ ቆላ ሽንቱ መሬት ላይ እንደፈሰሰ ብዙ ናይትሮጅን በአሞኒያ መልክ ይባክናል፤ ብርድ በሚጸናባቸው በመቄትና በለጋምቦ ከፍታዎች ደግሞ ትነቱ ይዘገያል። ይሁን እንጂ በደጋው ከብቱ ከብርድና ከአውሬ እንዲጠበቅ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድርበት ቤት አለ። በሩ ተዘግቶ ባደረ ቤት ውስጥ አዛባው ሳይዛቅ ከቆየ፣ ጠዋት ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥለው ሽታ ይኸው አሞኒያ ነው። ውጭ የወጣው ደግሞ አየር ላይ ካሉ የሰልፈርና የናይትሮጅን አሲዶች ጋር ተዋህዶ ሳንባ ድረስ ዘልቆ የሚገባ ደቃቅ ብናኝ ይሆናል።

ሚቴን የሚመነጨው ፍጉ አየር በማያገኝበት ሁኔታ ሲበሰብስ ነው። በበጋ ፀሐይ የደረቀ እበት ሚቴን የሚያመነጨው በጥቂቱ ነው፤ ክረምት ገብቶ የጓሮው ክምር ዝናብ ሲጠግብ ግን ነገሩ ይለወጣል፣ ከፊል እርጥብና ከፊል አየር ባገኘው የክምሩ ክፍልም ናይትረስ ኦክሳይድ ይፈጠራል። እንዲያም ሆኖ ከኢትዮጵያ ከብቶች የሚወጣው ሚቴን በአብዛኛው የሚመነጨው ከፍግ ሳይሆን ከማመንዠክ ነው።

ኩበት የሚዘጋጀው እንዲህ ነው። ሴቶች ትኩሱን እበት ከጭድ ወይም ከገለባ ጋር በእጃቸው አቡክተው እንደ ዳቦ እየጠፈጠፉ ሣር ወይም ግድግዳ ላይ ያሰጡታል፤ አንዱ ፊት ሲደርቅ ይገለብጡታል፣ ሙሉ ለሙሉ ሲደርቅ ዝናብ እንዳያገኘው ይከምሩታል። እንደ ደላንታና ለጋምቦ ባሉ በልግ አብቃይ ወረዳዎች የየካቲትና የመጋቢት ዝናብ ማድረቁን ስለሚያቋርጠው በደንብ ያልደረቀ ኩበት መንደዱ አይቀርም፤ ይህ ደግሞ ጭሱን ያበዛዋል። በቆላው ግን እንጨትና የማሽላ አገዳ ስለሚገኝ ኩበት ያን ያህል አይፈለግም።

ከእንጨት ጋር ሲነጻጸር ኩበት በኪሎ የሚሰጠው ሙቀት ያነሰ፣ አመዱ የበዛ፣ ጭሱም የከበደ ነው። በጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ የናይትሮጅን ውህዶችና ደቃቅ ብናኝ ይገኛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት የደቃቅ ብናኝ የ24 ሰዓት አማካይ በሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም ማለፍ የለበትም፤ ጭስ ማውጫ በሌለው ማድ ቤት በሦስት ጉልቻ ላይ እንጀራ ሲጋገር መጠኑ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይልቃል። ይህን ጭስ የሚተነፍሱት ጋጋሪዋና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ናቸው፤ ስለ ፍግ ብክለት ሲነሳ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ይህ ነው። መሬቱም ይጎዳል፤ ናይትሮጅኑ ከሞላ ጎደል ከጭሱ ጋር ሲበን አመዱ ውስጥ የሚቀሩት ፎስፈረስና ፖታሲየም ናቸው።

በዓለም አቀፉ የልቀት አመዘጋገብ የአንድ ከብት እበት በተለያየ ስም ይመዘገባል። ግጦሽ ላይ ከወደቀው የሚወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ በአፈር ልቀት፣ የተከመረው በፍግ አያያዝ፣ ለማገዶ የነደደው ደግሞ በኃይል ዘርፍ ይቆጠራል። ስለዚህ የፍግ አያያዝን ዓምድ ብቻ የሚያይ ሰው የወሎን ብክለት ከእውነተኛው መጠን አሳንሶ ሊገምተው ይችላል።

በደሴና በኮምቦልቻ ወተት የሚያመርቱ ከብት አርቢዎች ጉዳይ የተለየ ነው። ግቢ ውስጥ ታስሮ ከሚቀለብ ላም የሚወጣው ሽንትና እበት በሲሚንቶ ወለል ላይ ተቀላቅሎ ወደ ቦይ ይፈሳል፤ ከዚያ የሚነሳው አሞኒያና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ለጎረቤትም ይተርፋል። ሽንቱን በቦይ ለብቻ ማውጣትና ወለሉ ላይ ጭድ መጎዝጎዝ ትነቱን ይቀንሰዋል። ማሳ ላይ የወጣ ፍግም በትንንሽ ክምር ለቀናት ፀሐይ ከሚመታው በዚያው ዕለት በእርሻ ቢገለበጥ ብዙ ናይትሮጅን ለአፈሩ ይተርፋል።

ባዮጋዝ፣ ማለትም እበት አየር በማያስገባ ማብላያ ውስጥ ሲበሰብስ የሚወጣው ጋዝ፣ እበቱን ለማገዶም ለማዳበሪያም ስለሚያውል ሁለቱን ያስታርቃል። በ2000ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም አማራ ክልልን ያካተተ ነበር። ሆኖም ማብላያው በየቀኑ የበርካታ ከብቶች ትኩስ እበትና ተመጣጣኝ ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት የደጋ ቀበሌ ይህ በሴቶች ላይ ሌላ ሸክም ይጨምራል። የተለመደው የባዮጋዝ ምድጃ ወጥ ቢያበስልም ለሰፊው የእንጀራ ምጣድ ስለማይመች፣ ባዮጋዝ የገባበት ቤትም ለጋገራ ኩበት ማንደዱን አያቋርጥም።