«የእኛ ጉድጓድ ሞልቶ አያውቅም»

ሀዋሳ ውስጥ ለፍሳሽ ሥራ ግቢ በገባሁ ቁጥር ይህን እሰማለሁ። የሚነግሩኝም በኩራት ነው። እኔ ግን ስሰማው እደነግጣለሁ።

ደህና የተሠራ ሴፕቲክ ታንክ፣ ማለትም የቤት ፍሳሽ የሚገባበት ጉድጓድ፣ ይሞላል። ከባዱ ነገር ታች ይዘቅጣል፤ ቅባቱ ላይ ይንሳፈፋል። አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ዝቃጩን ቀስ በቀስ ይበሉታል፤ ግን አይጨርሱትም። የተረፈው ስለሚጠራቀም ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ መመጠጥ አለበት። መሃል ያለው ውሃ ወደ ማስረጊያው፣ ወደ አፈር ወደሚሰርግበት ቦታ፣ ያልፋል። እሱም ገና አልጸዳም፤ የቀረውን ሥራ የሚሠራው አየር ያለው ደረቅ አፈር ነው።

ታዲያ 12 ዓመት ያልሞላው የት ሄደ? ባለፈው ክረምት ሐይቁ አጠገብ ያሉ አንድ አባት አስጠሩኝ። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ፍሳሽ ድንገት ከፍ ብሎባቸዋል። ሳየው ወለል የለውም። ግንበኛው ሲሚንቶ ለመቆጠብ ግድግዳውን ብቻ ሠርቶ ትቶታል። በዝናቡ የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ ሲወጣ ከታች ገባበት። ስምንት እርምጃ ራቅ ብሎ ደግሞ ጎመን የሚያጥቡበት የውሃ ጉድጓድ አለ። «ጋሼ፣ ያልሞላው ወደዚህ እየሄደ ነው» አልኳቸው። ባልዲውን አይተው ዝም አሉ። በሁለቱ መካከል ቢያንስ 30 ሜትር ይመከራል።

«አፈሩ ያጣራዋል» የሚሉም አሉ። አፈር ብዙ ጀርም አጣርቶ ያስቀራል፤ ናይትሬትን፣ ከፍሳሽ የሚመጣውንና ውሃ ውስጥ የሚሟሟውን ንጥረ ነገር፣ ግን ያሳልፋል። ናይትሬት በበዛበት ውሃ የጡጦ ወተት ከተበጠበጠ የጨቅላ ሕፃን ደም ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ማፍላትም አይረዳም፤ ውሃው ሲተን ናይትሬቱ ይጠነክራል። ሐይቃችንም ውሃውን ይዞ የሚወጣ ወንዝ ስለሌለው የሚገባበትን ፍሳሽ ጠርጎ የሚወስድለት የለም።

«በረኪና ያጸዳዋል።» ሲበዛ የሚሠሩልንን ባክቴሪያዎች ይገድላል።

«እርሾ ይጨመርበት።» አያስፈልግም። ባክቴሪያው ከእኛው ጋር ይገባል።

«ውሃው ከጠራ ንጹሕ ነው።» ጀርም በዓይን አይታይም።

የእናንተ ያፈስስ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ በበጋ አስመጥጡት። ከዚያ እስከ መውጫው ቧንቧ ድረስ ውሃ ሙሉበት፤ ምልክት አድርጉ፤ ቤት ውስጥ ውሃ ሳትለቁ አንድ ቀን ጠብቁ። ከቀነሰ ያፈስሳል። ለማየት ብላችሁ ግን ውስጥ እንዳትገቡ፣ ባዶ ቢሆንም። ጋዙ በደቂቃዎች ይገድላል፤ ሊያወጣ የገባውንም ያስቀራል።