ኤቪኤ ምንድን ነው? ኢግል ፉትሂልስን እንደ ምሳሌ

አሜሪካ የተጠመቀ የወይን ጠጅ ጠርሙስ አንስታችሁ ወረቀቱን ብታነቡ፣ ብዙ ጊዜ ከጠማቂው ስም ሌላ የቦታ ስም ታገኛላችሁ። ከሁሉም የታወቀው «ናፓ ቫሊ» ነው። ስሙ ለማሳመሪያ የገባ አይደለም፤ ወሰኑ በካርታ ተሰምሮ በፌዴራል ደንብ የሰፈረ የወይን አብቃይ አካባቢ ነው። ይህን ዓይነቱን አካባቢ አሜሪካኖች በምኅጻር ኤቪኤ (American Viticultural Area፣ «የአሜሪካ የወይን አብቃይ አካባቢ») ይሉታል። የመጀመሪያው በ1980 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ሲጸድቅ ዕድሉ የናፓ አልነበረም፤ ሚዙሪ ግዛት ውስጥ ያለች ኦገስታ የምትባል ትንሽ ቦታ ቀደመችው።

ትልልቆቹን ትተን ወደ አንድ ትንሽ እንሂድ። በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ባለችው ኢዳሆ ግዛት ውስጥ፣ ከቦይዚ ከተማ አለፍ ብሎ፣ ኢግል ከምትባለው ከተማ በስተሰሜን ባለው የተራራ ግርጌ ኢግል ፉትሂልስ ይገኛል። ዕውቅና ያገኘው በ2015 መጨረሻ ነው። ስፋቱ 20,000 ሄክታር ገደማ ሲሆን በዚያን ጊዜ ወይን የተተከለበት መሬት ግን 30 ሄክታር እንኳ አይሞላም ነበር። ሰነፍ ገበሬ የሰፋ መሬት ያዘ ብላችሁ አትፍረዱ። ደንቡ የሚጠይቀው መሬቱ በወይን እንዲሞላ ሳይሆን ከጎረቤቱ በምን እንደሚለይ እንዲያሳይ ነው።

ታዲያ በምን ይለያል? በስተሰሜን ፕሮስፔክት ፒክ የሚባል ተራራ አለ፤ ከእሱ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር አካባቢውን ከዙሪያው ቆላማ ሸለቆ ያቀዘቅዘዋል። ተዳፋቱ በአብዛኛው ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለሚያይ ፀሐይ አያጣም። አፈሩ የእሳተ ገሞራ አመድ የተቀላቀለበት አሸዋማ ሆኖ የግራናይት ጠጠር አለበት። ከፍታው ከ750 ሜትር ገደማ ተነስቶ 1,000 ሜትርን ያልፋል። እኛ አገር ቢሆን ቆላ ብለን እናልፈው ነበር፤ እዚያ ግን ከምድር ወገብ ርቀቱ የቅዝቃዜውን ወራት ብርቱ ያደርገዋል።

ስሙም ፈተና ነበረው። ገበሬዎቹ መጀመሪያ ያመለከቱት «ዊሎው ክሪክ ኢዳሆ» በሚል ነበር። ጉዳዩን የሚያየው በግምጃ ቤት ሚኒስቴር ሥር ያለው የአልኮልና የትምባሆ ቀረጥና ንግድ ቢሮ ደግሞ ቦታው በእርግጥ በዚያ ስም እንደሚጠራ ማስረጃው አልበቃውም። በኤቪኤ ደንብ ስም አይወጣም፤ ሰው የሚጠራበት ስም ነው የሚጸድቀው። ለእኔ ከደንቡ ሁሉ ደስ የሚለኝ ይኼ ነው።

ጠማቂው የኤቪኤን ስም ለመጻፍ ቢያንስ 85 በመቶው ወይን ከወሰኑ ውስጥ የበቀለ መሆን አለበት። የግዛት ወይም የካውንቲ (በግዛት ሥር ያለ አስተዳደር) ስም ብቻ ለመጻፍ በፌዴራል ደንብ 75 በመቶ ይበቃል። ከዚህ አልፎ ምን ዓይነት ወይን እንደሚተከል፣ ከሄክታር ስንት እንደሚለቀም፣ ጠጁ ምን እንደሚጣፍጥ ኤቪኤ አያገባውም። ፈረንሳዮች በራሳቸው ሥርዓት ይህን ሁሉ ይወስናሉ። ስለዚህ «ኤቪኤ ነው» ማለት «ጥሩ ጠጅ ነው» ማለት አይደለም፤ የት እንደበቀለ ብቻ ይነግራችኋል።

ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን የሚያስታውስ አንባቢ «እኛም አለን» ሊል ይችላል። ይለያያሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2005 የእነዚህን ቡናዎች ስም አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት፣ ስሙ ባለቤት እንዲኖረው ነበር፤ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር የተነሳው ክርክርም በ2007 በስምምነት ያበቃው በዚሁ ላይ ነው። ኤቪኤ ግን ባለቤት የለውም። ወይኑ ከመስመሩ ውስጥ የበቀለለት ሁሉ ደንቡን እስካሟላ ይጽፈዋል።

ኢግል ፉትሂልስ በ2007 በጸደቀው፣ ኢዳሆንና ኦሪገንን በሚያካልለው ሰፊው የስኔክ ሪቨር ቫሊ ኤቪኤ ውስጥ ያለ ነው። አንዱ ወይን ጠጅ «ኢዳሆ»፣ «ስኔክ ሪቨር ቫሊ» ወይም «ኢግል ፉትሂልስ» ሊባል ይችላል ማለት ነው። ምርጫው የጠማቂው ነው፤ ከወሰኑ ውጭ ከሸለቆው የገዛው ወይን ከ15 በመቶ ካለፈ ግን ትንሿን ስም ትቶ ትልቁን ይጽፋል።