የመጀመሪያ ደረጃ መምህራን ምደባ መዘግየትና ያስነሣው የሕግ ክርክር በሰሜን ሸዋ

የምደባ መዘግየት ክርክር የሚባለው፣ በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ከመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ተመርቀው የቅጥር ደብዳቤ ሳይደርሳቸው የቆዩ፣ ወይም ክፍል ገብተው እያስተማሩ ቅጥራቸው ዘግይቶ የጸደቀላቸው የመጀመሪያ ደረጃ መምህራን ከወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ጋር የሚገጥሙት ሙግት ነው። ላይ ላዩን የደመወዝ ጉዳይ ይመስላል። መዝገቡ ሲገለጥ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያከራክረው ቀን ነው፦ ይህ ሰው የመንግሥት ሠራተኛ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? ዳሰሳው የሚመለከተው መቀመጫውን ደብረ ብርሃን ያደረገውን ዞን ነው። የፍቼው ሰሜን ሸዋ በኦሮሚያ ክልል ሕግ ስለሚተዳደር እዚህ አልተካተተም።

ደብረ ብርሃን የመምህር ማፍሪያ ከሆነች ቆይታለች። በንጉሡ ዘመን የማኅበረሰብ ትምህርት ቤት መምህራን የሚሠለጥኑባት ከተማ ነበረች፤ ማሠልጠኛውም በየዘመኑ ስሙና ደረጃው እየተለወጠ እስከ ዛሬው ኮሌጅ ዘልቋል። በ1954 የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 23 የመንግሥት ሠራተኛ ቅጥርን በአንድ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ሥር አዋለ። በደርግ ዘመንም ምደባ የሚወርደው ከማዕከል ነበር።

ነገሩ የተወሳሰበው ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ፣ ጥቅል በጀት በቀጥታ ወደ ወረዳ መውረድ ሲጀምር ነው። ኮሌጁ ያሠለጥናል፣ የክልሉ ትምህርት ቢሮ በዞን መምሪያ በኩል ይመድባል፣ ደመወዝ የሚከፍለው ግን ወረዳው ነው። መዳቢው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ ሆነ። ኮሌጁ ድርሻውን ተወጥቶ ያስመረቃቸውን መምህራን ወረዳው «መደብ የለኝም» ብሎ የሚመልስበት አጋጣሚ የተፈጠረው በዚህ ክፍተት ነው። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ትክክለኛው የተማሪ ቁጥር የሚታወቀው ግን ምዝገባ ሲያልቅ መስከረም ላይ ነው። አንድ መምህር ለ50 ተማሪ በሚለው ስሌት አዲስ ክፍል ቢያስፈልግ ወረዳው ተጨማሪ በጀት መጠየቅ፣ ምክር ቤቱም ማጽደቅ አለበት። ልጆቹ እስከዚያ ያለ መምህር አይቀመጡምና ርዕሰ መምህሩ ምሩቁን «ደብዳቤው እስኪመጣ ግባ» ይለዋል። ብዙ ሙግት የሚወለደው ከዚህች ቃል ነው።

ሕጉ ደብዳቤ ለሚጠብቀው ምሩቅ እምብዛም አያደላም። ክልሉ በአዋጅ ቁጥር 171/2002፣ በኋላም በተካው አዋጅ ቁጥር 253/2010 ጥበቃ የሚሰጠው ለመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ይህም ማለት በመሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ለሚሠራ። ደብዳቤ ያልደረሰው ምሩቅ የመንግሥት ሠራተኞች ክርክር ወደሚታይበት አስተዳደር ፍርድ ቤት ሲሄድ ገና ሠራተኛ አልሆንክም ይባላል። ስለዚህ አንዳንዶች በውል መንገድ ይመጣሉ። ሠልጣኙ ሲገባ ለተወሰነ ዓመት በክልሉ ሊያገለግል የግዴታ ውል ይፈርማል፤ ዋናው ዲፕሎማውም አገልግሎቱን እስኪጨርስ ይያዝበታል። «ሌላ ቦታ እንዳልቀጠር ዲፕሎማዬን ይዛችኋል፣ እናንተም አትቀጥሩኝም» የሚለው ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይመስልም። የመንግሥት ነገረ ፈጅ መልስ የታወቀ ነው፦ ውሉ ሠልጣኙን እንጂ ቢሮውን አያስገድድም። ለከሳሽ የውል መንገድ ሌላም ጥቅም አለው፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1845 ይርጋው፣ ማለትም የመክሰሻው የጊዜ ገደብ፣ 10 ዓመት ነው፣ ከውል ውጭ ኃላፊነት ብሎ ቢመጣ ግን በአንቀጽ 2143 በ2 ዓመት ይቀራል።

እያስተማረ ደብዳቤው የዘገየበት መምህር የተሻለ ነገር ይዞ ይቀርባል። ያልተሠራበት ደመወዝ አይከፈልም የሚለው መከራከሪያ የሚረታው በወረቀት ነው። የምደባው ዝርዝር፣ ትምህርት ቤቱ «ሪፖርት አድርገዋል» ብሎ ለወረዳው የጻፈው ሸኚ፣ የሰዓት ፊርማ መዝገብ፣ ርዕሰ መምህሩ የፈረመበት የዕለት ትምህርት ዕቅድ ይቆጠራል። ከሁሉ የሚጠነክረው ግን የውጤት ሮስተር ነው። የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ሮስተር ላይ የክፍል ኃላፊ ሆኖ የፈረመ ሰው በዚያ ወሰነ ትምህርት አላስተማረም ማለት ይከብዳል። ከጀማ ሸለቆ ማዶ ባሉት በመርሐ ቤቴና በሚዳ ወረሞ ገጠር ቀበሌዎች መምህሩ የደረሰበትን ቀን ለማሳየት እንዲህ ያለ ወረቀት ይበልጥ ያስፈልጋል፤ መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሙግት ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በርስት ክርክር «በላ ልበልሃ» ሲባባል የኖረ ሕዝብ ልጅ፣ ማመልከቻውን ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሳይሄድ ራሱ ቢጽፍ አያስገርምም። ሥርዓቱ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። መጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ ከዚያ አስተዳደር ፍርድ ቤት፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው በሕግ ስህተት ላይ የሚቀርብ ይግባኝ ነው። ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት በቀጥታ የሄደ ሰው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 244 መሠረት «ይህ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም» የሚል የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ይጠብቀዋል። በአንድ ዙር ተመርቀው አብረው የቀሩ ከሆነ በአንቀጽ 38 ጥቂቶቹ ሁሉንም ወክለው መክሰስ ይችላሉ፤ የዳኝነት የሚከፍለው ያጣ ደግሞ በአንቀጽ 467 በደሀ ደንብ ለመክሰስ ያመለክታል፤ ደመወዝ ያልተከፈለው መምህር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የት ያመጣል? የእንባ ጠባቂ ተቋምም አቤቱታ ይቀበላል፤ የሚሰጠው ግን የመፍትሔ ሐሳብ እንጂ ፍርድ አይደለም።

ርቀቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መቀመጫ ባሕር ዳር ስለሆነ የደብረ ብርሃን ባለጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ በአዲስ አበባ ዞሮ ይሄዳል። የመጨረሻው በር፣ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ያለው ግን 130 ኪሎ ሜትር ላይ አዲስ አበባ ነው። ሰበር በአምስት ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ የክልል ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል።

የቀን ክርክሩ በውዝፍ ደመወዝ አያበቃም። ከጀማሪ መምህር ወደ መለስተኛ መምህር፣ ከዚያም ወደ መምህርና ከፍተኛ መምህር የሚወስደው የደረጃ ዕድገት በአገልግሎት ዘመን ስለሚቆጠር በመነሻው የተሳሳተ ቀን በየደረጃው አብሮ ይሄዳል። ጡረታም እንዲሁ ነው። ቀኑ ወደ ኋላ ቢስተካከል መሥሪያ ቤቱ የሠራተኛውን 7 በመቶ ሰብስቦ የራሱን 11 በመቶ መክፈል ይኖርበታል፤ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች ከውዝፉ ይልቅ ይህን ይፈራሉ የሚሉ አሉ።

በ2013 አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014ም ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲዘልቅ፣ የመንግሥት ሕንፃዎች ወድመዋል። የግል ማኅደሩ በዚህ ምክንያት የጠፋበት መምህር የቅጥር ቀኑን የሚያስረዳው በእጁ ባስቀረው ቅጂ፣ በጡረታ መዋጮ መዝገብና አብረውት በሠሩ ምስክሮች ነው።