ኦርጋኒክ ወይን እርሻ ሲባል ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ሰሜን ጣሊያን ፒየሞንቴ ውስጥ፣ አልባ አካባቢ፣ አንድ ቤተሰብ ጋ ለወይን ለቀማ እሄዳለሁ፣ ኔቢዮሎና ባርቤራ የሚባሉ የወይን ዝርያዎች ነው የሚያመርቱት፣ እርሻው ኦርጋኒክ ነው። አገር ቤት ስደውል ስለ ስራው የሚሉኝ ነገር ግማሹ ልክ አይደለም፣ እኔም መጀመሪያ እንደነሱ ነበር የማስበው ግን።

"ኦርጋኒክ ከሆነ ምንም አይረጭም"

ኧረ ይረጫል! መዳብና ድኝ ነው የሚረጨው። ፔሮኖስፖራ የሚባል በሽታ አለ፣ ዝናብ ሲደጋግም ቅጠሉን ድራሹን ያጠፋዋል፣ መዳቡ ደሞ ቅጠሉ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ዝናቡ ካጠበው እንደገና መርጨት ነው፣ ስለዚህ ዝናባማ አመት ላይ ትራክተሩ እረፍት የለውም። መዳብ የተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም እንዳትሉ፣ አፈር ውስጥ ይከማቻል፣ ለዛም ነው የአውሮፓ ህብረት ከ2019 ጀምሮ በ7 አመት ውስጥ በሄክታር ከ28 ኪሎ እንዳይበልጥ ያደረገው። ዘንድሮ ያበዛ ሰው ከርሞ መቆጠብ አለበት።

የወይን ፍሬውን ለሚበላው ትል ግን (የእሳት እራት ልጅ ነው) መርዝ ላያስፈልግ ይችላል። ሽቦው ላይ ትንሽ ቡናማ ነገር ትታሰራለች፣ የሴቷን የእሳት እራት ሽታ ነው የምታወጣው፣ ወንዱ በየት ሄዶ ያግኛት፣ ሰፈሩ በሙሉ ሴት ሴት ይሸተዋል 😂

"በረድፉ መሃል ሳር ከበቀለ ባለቤቱ ሰነፍ ነው"

ተዘርቶ እኮ ነው። በመኸር ባቄላ፣ ገብስ፣ ምናምን ይዘራሉ፣ መሬቱ ተዳፋት ስለሆነ ዝናብ አፈሩን ይዞት እንዳይወርድ ይይዝላቸዋል፣ የባቄላው ስር ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ደሞ ናይትሮጅን ያስገባሉ። መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ባቄላው አበባ ላይ ነበር፣ እሸቱ መቼ ይደርሳል ብዬ ስጠይቅ የቤተሰቡ ሽማግሌ ሳቁብኝ፣ በሳምንቱ በማጨጃ ጨፍጭፈው ከአፈር ጋር ገለበጡት። ያን ሁሉ ባቄላ! ለኢትዮጵያዊ ሰው ማየት ከባድ ነው።

"የጣሊያን ወይን ከስሩ እስከ ጫፉ ጣሊያን ነው"

ከላዩ ብቻ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ የመጣ ፊሎክሴራ የሚባል ነፍሳት የአውሮፓን ወይን ስሩን እየበላ ጨረሰው፣ ከዛ ወዲህ አብዛኛው ነፍሳቱን የሚቋቋም የአሜሪካ ዝርያ ስር ላይ ተቀጥሎ ነው የሚተከለው።

"ሻንጣ ውስጥ የወይን ቅርንጫፍ ቁራጭ ይዘህልን ና፣ እኛም እንትከል"

ይሄን ደጋግመው ይሉኛል። አንደኛ ኔቢዮሎ አስቸጋሪ ነው፣ ቀድሞ ያቆጠቁጣል ስለዚህ ውርጭ ያገኘዋል፣ የሚደርሰው ደሞ ከሁሉም ዘግይቶ ኦክቶበር ላይ ነው፣ ባርቤራ ይሻላል፣ ካሊፎርኒያም በደንብ ይዞላቸዋል። እኛ ጋ ደሞ ወይኑን የሚያስተኛ የብርድ ወቅት የለም፣ ቅርንጫፉን በመከርከም ነው የሚቀሰቀሰው፣ ዝዋይ ያለውም ሜርሎና ሺራዝን የመሳሰለ የፈረንሳይ ዝርያ ነው።

ዋናው ግን በሽታው ነው። ፍላቬሳንስ ዶሬ የሚሉት በቁራጭም ይተላለፋል፣ መድሃኒት የለውም፣ የያዘውን ግንድ መንቀል በህግ ግዴታ ነው፣ የሚያዛምተውን ነፍሳት ኦርጋኒክ ገበሬም ቢሆን ከመርጨት አይቀርለትም። ባለፈው በጋ ቅጠሉ ወደ ታች ተጠቅልሎ ቀይ የሆነ ባርቤራ አየን፣ ሽማግሌው ግንዱ ላይ ሪባን አሰሩና ምንም ሳይናገሩ ወደሚቀጥለው ረድፍ አለፉ።