የኤሌክትሪክ ምጣድ፦ አሠራሩ፣ ሕመሙና መላው

በኢትዮጵያ ከተሞች ከቤት ዕቃ ሁሉ መብራት በመብላት ምጣድን የሚያህል ጥቂት ነው። አንድ የተለመደ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑና የቤቱ አምፖሎች ተደምረው እዚያ አይደርሱም። ነገሩን በግድብ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1960 የተመረቀው የቆቃ ግድብ ሙሉ አቅሙ 43 ሜጋዋት ገደማ ነው። ባለ 3.5 ኪሎዋት ምጣድ በ12,000 ቤት በአንድ ጊዜ ቢሰካ ያንን ሁሉ ይጨርሰዋል። በበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር አምፖሉ የሚደክመው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንዲህ ኃይል የሚበላው ዕቃ ግን አሠራሩ በጣም ቀላል ነው። ከላይ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የሸክላ ምጣድ አለ። ከሥሩ ጠመዝማዛ ቦይ ተቀዶለታል። በቦዩ ውስጥ እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለ የኒክሮም ሽቦ ይተኛል። ኒክሮም የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ነው። ሲግል ላዩ ላይ ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ስለሚያወጣ እንደ ተራ ብረት ቶሎ አይበላም። ሽቦው ከተዘረጋ በኋላ በጄሶ ይለሰናል። ከዚያ ሁሉም ነገር እግር ባለው የላሜራ ገላ ውስጥ ይቀመጣል። ከላይ አክንባሎ፣ ከጎን ማብሪያና ቀይ መብራት፣ ገመድና ስፒና። በቃ፣ ይኸው ነው።

ብዙዎቹ ምጣዶች ሙቀቱን የሚቆጣጠር ነገር የላቸውም። ተቆጣጣሪዋ ጋጋሪዋ ናት። ምጣዱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይግላል፤ ላዩ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። ከዚያ አንዱ እንጀራ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይወስዳል። ልምድ ያላት ጋጋሪ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እንጀራዎች መብራቱን አጥፍታ በሸክላው ሙቀት ብቻ ታወጣቸዋለች። ሸክላው ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎም ይበርዳል።

ምጣድ ሲታመም አብዛኛው ሰው ቶሎ ሸክላውን ወይም ሽቦውን ይጠረጥራል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከሸክላው ውጭ ነው። ስለዚህ ከግድግዳው ጀምሮ ወደ ምጣዱ መምጣት ይሻላል። ምጣዱ ጭራሽ አልሞቅ ካለ መጀመሪያ ቀዩን መብራት ማየት ነው። ቀዩ ካልበራ ወይ ብሬከሩ ወርዷል፣ ወይ ሶኬቱ ወይም ስፒናው ተቃጥሏል፣ ወይ ገመዱ ተቆርጧል። ቀዩ ራሱ የተቃጠለበትም ጊዜ አለ። ቀዩ በርቶ ምጣዱ ከቀዘቀዘ ግን ኃይሉ ማብሪያው ድረስ ደርሷል ማለት ነው። ያኔ ሽቦው ተበጥሷል ወይም ገመዱና ሽቦው የሚገናኙበት ቦታ ተቃጥሏል። ለመክፈት ካቻቢቴ ከመያዝ በፊት ስፒናውን መንቀል ግዴታ ነው። ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም። ብዙ ማብሪያ የሚቆርጠው አንዱን መስመር ብቻ ነው። የቀረው መስመር ፌዙ፣ ማለትም ኃይሉ የሚመጣበት መስመር፣ ከሆነ የጠፋው ምጣድ ይነዝራል።

ምጣዱ አንድ ጎኑ ብቻ ሲሞቅስ? እዚህ ላይ ሽቦው ስንት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ባለ ሁለት ሽቦ ከሆነ አንዱ ተበጥሷል። ባለ አንድ ሽቦ ምጣድ ግን በግማሽ የተበጠሰ ሽቦ የለውም። ከተበጠሰ ሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ እንጀራው በአንድ ወገን ጥሬ እየሆነ ከወጣ ጄሶው ረግፎ ሽቦው ከሸክላው ርቋል፣ ወይም ሽቦው ሲዘረጋ እኩል አልተሳበም። ምጣዱ ተዳፋት ላይ ቆሞም ሊሆን ይችላል። ያኔ ሊጡ ወደ አንድ ወገን ይወፍራል።

ሁሉም ጎን ደህና ሆኖ ምጣዱ በጠቅላላ የሰነፈ እንደሆነ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ቮልቴጁ ነው። ኃይሉ ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፤ በካሬ ነው የሚወርደው። በ220 ቮልት 3.5 ኪሎዋት የሚሰጥ ምጣድ በ180 ቮልት 2.3 ኪሎዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል። ቮልቴጁ አንድ አምስተኛ እንኳ ሳይቀንስ ሙቀቱ ሲሦውን አጣ ማለት ነው። እንጀራው ዓይን አላወጣም ብለን ሊጡን የምንወቅስበት ምሽት ብዙ ጊዜ ይኸ ነው። ማለዳ ወይም ቀትር ላይ መጋገር ለውጡን ወዲያው ያሳያል።

ስፒና የሚቀልጠው ደግሞ ከላላ ግንኙነት ነው። 3.5 ኪሎዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ነው። የቤት ሶኬት አቅሙ ራሱ ብዙ ጊዜ 16 አምፔር ነው፤ ምጣዱ ጫፉ ላይ ቆሞ ነው የሚሠራው። ትንሽ የላላ ብሎን ካለ እዚያች ነጥብ ላይ ሙቀት ይጠራቀማል። ከተጋገረ በኋላ ስፒናውን ነቅሎ እግሩን ሳይነኩ ፕላስቲኩን በእጅ መዳሰስ ጥሩ ልማድ ነው። ለብ ቢል ብዙም አያሳስብም። ካቃጠለ ሶኬቱም ስፒናውም ይቀየር፤ አንዱን ብቻ መቀየር ብዙ አይቆይም። ምጣድን ዲቫይደር ላይ መሰካት ደግሞ ከጎኑ ምንም ባይሰካም መደረግ የለበትም። ለምጣድ ከቆጣሪው የራሱ ብሬከር ያለው፣ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ የተዘረጋለት መስመር ቢኖር ይመረጣል።

ብሬከር ሲወርድ ጊዜውን ልብ ይበሉ። እንደተሰካ ወዲያው ከወረደ ሽቦ ከሽቦ ወይም ከላሜራው ጋር ተነካክቷል። ከ10 ወይም 20 ደቂቃ በኋላ ከወረደ ጭነቱ በዝቷል፣ ወይም የብሬከሩ ብሎን ላልቶ ራሱን እያሞቀ ነው። ክረምት ላይ ሳይሠራ የከረመ ምጣድም እርጥበት ያዝላል፤ ጄሶ ውሃ ይወዳል። እንዲህ ያለውን ፀሐይ ላይ ጥቂት ቀን ማስጣት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስለ መንዘር ነው።

እናቴ ለዓመታት የምትጋግረው ጣውላ ላይ ቆማ ነበር። ጣውላው ከምጣዱ ሥር አይጠፋም፤ የሊጥ ጠብታ ደርቆበት ነጭ ሆኗል። «ትንሽ ይነዝራል» ትላለች፣ እንደ ዝናብ ወሬ። ከነዘራት ስፒናውን ገልብጣ ትሰካዋለች፤ ያኔ ይተዋታል። በኋላ ሲከፈት ጄሶው በአንድ በኩል ረግፎ ሽቦው ላሜራውን ነክቶ ተገኘ። ቤቱ ደግሞ ኤርዝ፣ ማለትም የፈሰሰውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ፣ አልነበረውም።

ስፒናው ሲገለበጥ ለምን ይተዋል? ሽቦው ከአንዱ ጫፍ ፌዝ፣ ከሌላው ጫፍ ኒውትራል፣ ማለትም የመመለሻው መስመር፣ ነው። ቮልቴጁ በሽቦው ርዝመት እየወረደ ይሄዳል። ላሜራውን የነካው ቦታ ለኒውትራሉ ሲቀርብ ንዝረቱ ይቀንሳል፣ ለፌዙ ሲቀርብ ይጨምራል። ስለዚህ መገልበጡ ብልሽቱን አይነካውም፤ ይደብቀዋል። ሌላ ሰው በሌላ ቀን መልሶ ገልብጦ ይሰካዋል። የጋጋሪ እጅ ደግሞ ሁሌም እርጥብ ነው፣ ሊጡ ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ወለሉ ውሃ ፈሶበታል። ሸበጥና ጣውላ መድኃኒት አይደሉም። የሚነዝር ምጣድ ተነቅሎ እስኪሠራ ድረስ አይጋገርበትም። ላሜራው ከኤርዝ ጋር መታሰር፣ ቤቱም የኤሌክትሪክ ማፍሰስን አይቶ በቅጽበት የሚቆርጥ ብሬከር ቢኖረው ሕይወት ያተርፋል።

የተበጠሰ ሽቦ ጥገና ላይ አንድ ስህተት ይዘወተራል። የተቃጠለውን ቆርጦ ጥሎ ቀሪውን በፒንሳ ጠምዝዞ መቀጠል። አንድ አሥረኛው ርዝመት ከጠፋ ሬዚስታንሱም (ሽቦው ኤሌክትሪኩን የሚገታበት መጠን) በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ አምፔሩ በ11 በመቶ ያድጋል። እያንዳንዱ የቀረ ጣት ሽቦ ደግሞ በ23 በመቶ የበለጠ ሙቀት ይሸከማል። ባለቤቷ «ድሮ እንዲህ አይግልም ነበር» ብላ ትደሰታለች። ከዚያ ጥምዙ ላይ እንደገና ይበጠሳል። ሽቦው ሙሉ በሙሉ በልኩ ቢቀየር ይረክሳል።

ሁሉም ሕመም የመብራት አይደለም። እንጀራው የሚጣበቅ ከሆነ ምጣዱ በደንብ አልተሟሸም ወይም በሳሙና ታጥቧል። እንደገና በጎመን ዘር ማሟሸት፣ በማሰሻ ደጋግሞ መጥረግ ነው መላው። በግለቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ሸክላውን ይሰነጥቃል፤ ስንጥቁ እስከ ሽቦው ከዘለቀ ሊጡ ወደ ኤሌክትሪኩ ይወርዳል፣ ያኔ ሸክላው ይቀየራል።

ምጣዱን ይዘው ውጭ ለሚሄዱ ሌላ ጣጣ አለ። በእስራኤልና በአውሮፓ ቮልቴጁ 230 ስለሆነ ምጣዱ ይሠራል፣ እንዲያውም በ9 በመቶ ገደማ ይበረታል። በለንደንና በዱባይ ያለው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስፒና ግን ውስጡ የሚበዛው 13 አምፔር ፊውዝ ነው። 16 አምፔር ለሚስብ ምጣድ አይበቃም፤ የራሱ መስመር ያስፈልገዋል። አሜሪካ ደግሞ ተራው ሶኬት 120 ቮልት ነው። እዚያ የተሰካ የአገር ቤት ምጣድ ከኃይሉ ሲሦ የማይሞላውን፣ 1 ኪሎዋት ገደማ፣ ብቻ ያገኛል። ቢጠብቁት ቢጠብቁት አይግልም። ለዚህ ነው በአሜሪካ ያሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ኖርዌጂያኖች ሌፍሰ የሚሉትን ስስ የድንች ቂጣ የሚጋግሩበትን ክብ የኤሌክትሪክ መጥበሻ የሚገዙት። ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፣ የሙቀት መቆጣጠሪያም አለው። አክንባሎ ግን የለውም፤ ልኩ የሆነ ክዳን ለብቻ ይፈለግለታል።