ማይትራል ቫልቭ ምንድን ነው?

ደረት ላይ ጆሮ ሲደገፍ የሚሰማው «ዱብ ዱብ» ጡንቻው ሲመታ የሚያወጣው ድምፅ ይመስላል። አይደለም፤ በሮች ሲዘጉ ነው። ልብ ውስጥ ደምን ወደ ፊት ብቻ የሚያሳልፉ አራት ቫልቮች አሉ። የመጀመሪያው «ዱብ» በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያሉት ሁለቱ ሲዘጉ፣ ሁለተኛው ከልብ በሚወጡት ትልልቅ የደም ቧንቧዎች አፍ ላይ ያሉት ሲዘጉ ይሰማል።

ማይትራል በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ካሉት ከሁለቱ በግራ በኩል ያለው ነው። ከሳንባ ኦክስጅን ይዞ የመጣው ደም በእሱ አልፎ ወደ ታችኛው ክፍል ይወርዳል። ሁለት ስስ ክንፎች አሉት፤ ጠርዛቸው በቀጫጭን ጅማቶች ከታች ካሉ ትንንሽ ጡንቻዎች ጋር ታስሯል። ንፋስ ጃንጥላን እንዳይገለብጠው ሽቦው እንደሚይዘው ሁሉ፣ ልብ ሲጨመቅ ክንፎቹ ወደ ላይ እንዳይገለበጡ የሚይዟቸው ጅማቶቹ ናቸው። በጤነኛ አዋቂ ሲከፈት ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ሰውየው አርፎ ተቀምጦ እንኳ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ያልፍበታል።

እኛ አገር ይህን ቫልቭ በብዛት የሚያበላሸው ከጉሮሮ ይነሳል። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ ጉሮሮውን ታምሞ ሳይታከም ሲቀር፣ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ እብጠት ሊመጣበት ይችላል። ባክቴሪያውን ለመዋጋት የተነሳው መከላከያ፣ የሚመስለውን የልብ አካልም ያጠቃል። እብጠቱ ይድናል፤ የቫልቩ ጠባሳ ግን ይቀራል። ጥቃቱ ሲደጋገም ክንፎቹ ወፍረው ይጣበቃሉ። ክፍተቱ ከ1.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሲያንስ ጥበቱ ከባድ ነው፤ ደሙ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ሌሊት ትራስ መደራረብ ይመጣል። ብዙ ሴቶች ሕመሙን የሚያውቁት ሲያረግዙ ነው፤ የሰውነት ደም በግማሽ ያህል ሲጨምር ጠባቡ በር አይችለውም።

እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ መድማትና ቁስል ነው ትርፉ። ጉሮሮ በታመመ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተጀመረ ግን ልብ ላይ ሳይደርስ ይገታል። ቫልቩ አንዴ የተነካበት ሰው በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይወጋል፤ ለአዋቂ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት፣ ለዓመታት። መርፌው ያማል፤ ብዙዎች «አልተሻለኝም» ብለው የሚያቋርጡትም እዚህ ላይ ነው። የተበላሸውን ቫልቭ ሊያድስ አይደለም የሚሰጠው፤ ቀጣዩን ጥቃት ለመከልከል ነው።